ከሬንጁ ስር የቀረው

ሰውየው ሲሄድ ደህና ሁኚ አላላትም። ነገሩ ይኸው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው የኖረችው ቂም ቢጠቀለል ቢጠቀለል ከዚህ አይበልጥም። ሰው ይሄዳል፤ መሄድ ወንጀል አይደለም። ግን አፍ ያለው ሰው፣ ያውም እንደ እሱ ወረቀት ሲይዝ ብዕሩ የማይደናቀፍ ሰው፣ አንዲት ቃል ሳይተው እንደ ሌባ ውልቅ ይላል? ልትረሳው ሞክራ አታውቅም። ለመርሳት የሚታገሉ ሰዎች ሌላ ሥራ የሌላቸው ናቸው ትላለች። እሷ ቂሟን እንደ ዝገት መፋቂያዋ በየጠዋቱ ከኪሷ ታወጣዋለች፣ ስለቱን ታየዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች።

ሰፈሩ የሚያውቃት "ሬንጅ" በሚል ስም ነው። ልጅ ሳለች ለስድብ የወጣላት ቅጽል ነበር፤ አሁን ዕድሜ ታክሎበት "እትዬ ሬንጅ" ሆኗል። ሥራዋ የመኪና ሆድ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሞተር ይፈታል፣ ላሜራ ይበይዳል፤ እሷ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ሰው የማያየውን የመኪና ስር ትፍቃለች፣ ታጥባለች፣ እንዳይዝግ ትቀባለች። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ነው አባቷ ጋራዥ የገባችው። ፊደል ስትጽፍ እያንዳንዱን እንደ ብሎን አጥብቃ ነው። ላሜራ በጣቷ አንኳኩታ "ይኼ በስብሷል፣ ይኼ ጤነኛ ነው" ስትል ግን የሚከራከራት የለም። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ነፋሱ ጨው ያዘለ ነው፤ በዚያች ከተማ ብረት የሚባል ነገር ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ሥራ አጥታ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከአንድ የጭነት መኪና ስር ቆማ ስትፍቅ ከበሩ በኩል የሞተር ድምፅ ሰማች። እጇ ቀጥ አለ። አራት ሲሊንደር፤ አንደኛው ከሦስቱ ዘግየት እያለ እንደሚያነክስ ሰው የሚከተል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያነክስ አንድ ሞተር ብቻ ነው የምታውቀው።

"ይቺ መኪና ደግሞ አልሞተችም?" አለች ለራሷ።

ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው ዓለም ማለት ጎማና ጫማ ነው። ክሬም ቀለም ያላት የከተማው ዳኛ አሮጌ መኪና ገብታ ቆመች። በሩ ተከፈተ። አንድ ጥቁር ጫማ ወረደ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ግራው እግር ጫፉን ወደ ውጭ ወርወር አድርጎ ቆመ። ሌላ ምንም ማየት አላስፈለጋትም። ሰው ፀጉሩ ይሸብታል፣ ፊቱ ይለወጣል፤ አቋቋሙ ግን ሃያ ሦስት ዓመትም ቢሆን ያው ነው። ልቧ ድው ድው ሲልባት ተናደደችበት። "አንተ ደግሞ ማን ጠራህ?" አለችው ልቧን።

"ኧረ! ኧረ! የዳኛው ልጅ!" የወንድሟ ድምፅ ጋራዡን ሞላው። "ጋሼ ድልድይ ሠሪው! ከየት ተገኘህ በል?"

"እህትህ አለች?" አለ ሰውየው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

"የት ትሄዳለች? ጉድጓዷ ውስጥ ናት።"

እጇን በጨርቅ እየጠረገች ደረጃውን ወጣች። አልቸኮለችም። ፀጉሩ ግማሽ በግማሽ ሸብቷል፤ መነጽር አድርጓል፤ ዓይኖቹ ግን ከመነጽሩ ኋላ እነዚያው ናቸው፣ ሰውን ሲያዩ የሚዘገዩት።

"ደህና አደሩ፤ ምን ልታዘዝ?" አለችው።

እንደ መመታት አለ። "አንቱ አልሽኝ?"

"ደንበኛ ነዎት።"

"እሺ" አለ ቀስ ብሎ። "አባቴ ካረፈ ስድስት ወር ሆነው። መኪናዋን ለኔ ነው የተወልኝ። ቅዳሜ ጠዋት በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ወደ ሥራዬ ይዣት እሄዳለሁ። ጨው ነው መንገዱ። ሆዷን እንድትቀቢልኝ ነው የመጣሁት።"

ቅዳሜ። ዛሬ ሰኞ ነው። መጣ ሳይባል መሄጃውን አብሮ ይዞ የመጣ ሰው! እሷ ግን አይኗን አላርገበገበችም።

"ትግባ" አለች ወደ መኪናዋ እያመለከተች። ውስጧ የነደደውን ያወቀው መፋቂያዋ ብቻ ነው፤ ኪሷ ውስጥ ጨብጣው ነበር።

*

ይህ ሰው ሃያ ስድስት ዓመቱ ሳለ የአባቱን መኪና በየሳምንቱ ወደዚህ ጋራዥ ይዞ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን "ይንኳኳል" ይላል፤ አንድ ቀን "ወደ ቀኝ ይጎትታል" ይላል። መኪናዋ ምንም አልነበራትም። የሚንኳኳው እሱ ነበር።

ከዳኛ ልጅ ጋር ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ማውራት ስለማይቻል መላ ፈጠሩ። ከመኪናዋ በሮች ስር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ እንደ ቱቦ ያለ ላሜራ አለ። በሆዱ በኩል አውራ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት፤ በጎማ ውታፍ ይደፈናሉ። በግራ በኩል ሦስተኛው ውታፍ የነሱ ፖስታ ቤት ሆነ። እሱ ወረቀቱን ጠቅልሎ ይከታል። እሷ ከስር ገብታ ውታፉን ነቅላ ታወጣለች፤ ፊደል እየቆጠረች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፤ ከዚያ በካርቶን ቁራጭ መልስ ጽፋ ትመልስበታለች። አንድ ጊዜ "ዛሬ ሰማያዊ ሸሚዝህ አምሮብሃል" ለማለት ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል። አንባቢ ያደረጋት ትምህርት ቤት ሳይሆን ያ ቀዳዳ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን የመኪናዋን ቁልፍ ልታደርስ ዳኛው ቤት ሄደች። በፊት ለፊቱ ትልቅ በር አንኳኳች። የዳኛው ባለቤት ወጡ፣ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፣ እጇ ላይ ዓይናቸው አረፈ። "በኋላ በር ዙሪ" አሏት። ስትዞር ደግሞ ለሠራተኛቸው ሲናገሩ ሰማቻቸው፦ "ጥፍሯ ውስጥ ያለው ጥቁር በሳሙና የሚለቅ አይደለም።"

ሳምንት አልሞላም። የዳኛው ሾፌር መኪናዋን አመጣና "ሆዷ በሙሉ ሬንጅ ይቀባ፣ ዛሬውኑ" አለ። ሬንጁን እያሞቀች ሳለ ሾፌሩ ጥርሱን እየፋቀ፦ "ልጁ እኮ ነገ በጠዋት ይሄዳል፤ ሩቅ አገር ድልድይ ሥራ አግኝቶ። እናትየው ጓዝ ሲያስሩ ነው የዋሉት" አላት።

ሾፌሩ ያውቃል። ሠራተኛዋ ታውቃለች። እሷ ብቻ አታውቅም።

ከመኪናዋ ስር ገባች። ሦስተኛው ውታፍ ዓይኗ ላይ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ግማሽ መንገድ ላይ መለሰችው። "ሊነግረኝ የፈለገ ሰው አፉን ይዞ ይመጣል። ምን ሊኖረው? ባዶ ነው" አለች። ብሩሹን አነሳችና ውታፉን ደፈነችው። እንደገና ደፈነችው። የዚያን ቀን የዳኛው መኪና ሁለት እጥፍ ሬንጅ ጠጣች።

ሃያ ሦስት ዓመት "ባዶ ነበር" ስትል ኖረች። ስትለው ስትለው እውነት መስሏት ነበር፤ ሰኞ ዕለት ግን ያ ግራ እግር ከመኪናዋ ሲወርድ ያመነችውን እንደገና መጠየቅ ጀመረች።

*

መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ስትቆም ሰውየው ተከትሏት ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነበር።

"አጥንቼ ነው የመጣሁት" አለ። "አራት ዓይነት አለ። ሬንጅ አለ፤ እንደ ጎማ የሚለጠጠው አለ፤ ከሁለት ቆርቆሮ ተደባልቆ የሚቀባው ደረቅ ቀለም አለ፤ ሰም አለ። እኔ ደረቁን ቀለም መርጫለሁ። ድልድዮቻችንን የምንቀባው እሱን ነው። ሃያ ዓመት ንቅንቅ አይልም።"

"ድልድይ ድንጋይ ከስሩ ይፈነጠርበታል?"

"አይ።"

"ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይወጣል?"

"ድልድይ ጉድጓድ ውስጥ ከገባማ እኔ እስር ቤት ነኝ።"

ወንድምየው ሳቁን ለቀቀው። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ፊቷን ወደ ላሜራው አዞረች።

"ደረቅ ቀለም ለአዲስ ብረት ነው" አለች። "አሮጌ ብረት ላይ አንዲት ጠጠር ትሰነጥቀዋለች። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣል። እርስዎ ከላይ 'እንዴት ያምራል' ሲሉ ከስር እየበላዎት ነው። እንደ ጎማ ያለው ደግሞ ሲለቅ እንደ ካልሲ ነው የሚወልቀው።"

"ሬንጅስ?"

"ሬንጅ ሲደርቅ ይላቀቃል። የያዘውን ውሃ ይዞ ይደብቃል። የሚቀባው የማይፈልገውን ነገር ላለማየት የፈለገ ሰው ነው።"

"ስለዚህ ሰም ትያለሽ።"

"ሰም። ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት የገባበት። አይደርቅም፤ ቢጫር ራሱ ተንሸራቶ ቁስሉን ይሸፍናል። ደግሞ ስሩን ያሳያል፤ ዝገት ቢነሳ በዓይንዎ ያዩታል።" እጇን በጨርቁ ጠረገች። "አንድ ነገር ብቻ፤ በየዓመቱ ይታደሳል። መኪናው ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ይታያል። በየዓመቱ።"

"በየዓመቱ መምጣት አለብኝ ማለት ነው።"

"ዓመት የሚከብደው ሰው አይቀባው። እርስዎ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ሰም ለሚሄድ ሰው አይሆንም።"

"ለሚሄድ ሰው የሚሆነው የቱ ነው?"

"ለሱ የሚሆን አልተፈለሰፈም" አለችው።

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አሮጌውን ሬንጅ በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገው። "ሁለት እጥፍ ነው። የቀባው ሰው ተናዶ ነበር" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።" ዓይኑን ጣለባት፤ ዘገየባት። አንድ ነገር ሊጠይቃት ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር። ተወው። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና "ሰም ይሁን" አለ። በሩ ጋ ሲደርስም አልዞረም። እሷ ግን ያልተጠየቀችውን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ እንደ ጠጠር በጫማዋ ይዛው ዋለች።

*

መጀመሪያ አሮጌው መውረድ ነበረበት። ማክሰኞ ጠዋት አሮጌ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

"ምን ፈልገው ነው?" አለችው።

"ልፋቅ።"

"ደንበኛ አይፍቅም።"

"እንግዲያው ደንበኛ አይደለሁም። አንቱታውንም ተይልኝ።"

መፋቂያ ሰጠችው፤ አንቱታውን አልተወችም። እሷ ሞቃት አየር በሚነፋ መሣሪያ ሬንጁን ታለሰልሳለች፣ እሱ ይፍቃል። በመጀመሪያው ሰዓት እጁን ሁለት ጊዜ ቆረጠ። ጥቁሩ ልጣጭ እግራቸው ስር ሲከመር ክሬሙ ብረት ከስር ብቅ ይላል። እየሠሩ ሳለ፣ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ይሆናል፣ ወሬው በራሱ መጣ።

"አገባሁ" አለ ወደ ላሜራው እያየ። "ሦስት ዓመት። ደግ ሴት ነበረች። 'አንተ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነህ' ብላ ሄደች። ልክ ነበረች። አንቺስ?"

"ሁለት ሰው ጠይቆኝ ነበር። አንደኛው 'ከጉድጓዱ ትወጫለሽ' አለኝ። ሁለተኛው ምንም አላለኝም፤ ዝም የሚል ሰው ስለማልወድ ሸኘሁት።"

ዝም የሚል ሰው ስትል እጁ ለአፍታ ቆመ። መልሶ ፋቀ።

ረቡዕ እስከ ምሳ ሰዓት ቀኝ በኩሉ ጸዳ፤ ከኋላ ያለውም ጸዳ። ወንድምየው መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። "ግራውን ለምን ተውሽው?"

"ብርሃን የለውም።"

"አምፖሉ እኮ ከራስሽ በላይ ነው የተሰቀለው፣ እናቴ!"

ሞቃቱን አየር ወደ ግራ አዞረች። የመጀመሪያው ውታፍ ታየ። ሁለተኛው ታየ። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ እሱ ከጎኗ ቀረበና እጇን በእጁ አገደ። ጣቱን በሬንጁ ላይ አሳለፈ። አንድ ወጥ ነበር፤ ስንጥቅ የለው፣ የተቆረጠ ዳር የለው፤ ብሩሹ የሄደበት መስመር እንኳ ይታያል።

"አልተከፈተም" አለ።

"ምኑ?" አለች እያወቀች።

"ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም።"

"ባዶ ነዋ!"

"ሳትከፍቺው ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

መፋቂያዋን በውታፉ ጠርዝ ሰካችና ገፋች። ሬንጁ ቋ ብሎ ለቀቀ። ቡናማ ውሃ ከቀዳዳው ወርዶ በእጅጌዋ ውስጥ እስከ ክንዷ ገባ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ በፒንሳ ቀስ ብላ አንድ ነገር ሳበች። የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ዝገት የጠጣ፤ የተቦካ ሊጥ የመሰለ። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ልትዘረጋው ስትሞክር ለሁለት፣ ለአራት ሆነ። አንድ ፊደል አልነበረበትም።

ነበረ። ባዶ አልነበረም።

"መኪናዋን ሬንጅ ያስቀባሁት እኔ ነኝ" አለ ሰውየው።

"እናትህ ናቸው!"

"እናቴ ስለ መኪና ሆድ ምን ያውቃሉ? የዚያን ቀን ከዓይናቸው አላስወጡኝም። ደብዳቤውን ሌሊቱን ጽፌ እዚህ ከትቼዋለሁ፤ ግን መኪናዋ ካንቺ ዘንድ እንድትደርስ ሰበብ ያስፈልገኝ ነበር። አባቴን 'ዝናቡ ሳይገባ ትቀባ' ብዬ ለመንኩት።"

"ሬንጅ!" አለች። "ከስንት ቅባት መርጠህ ሬንጅ!"

"ስምሽ ስለሆነ መሰለኝ" አለ። "ደስ ይለኝ ነበር ስጠራው።"

ሳቋ አመለጣት። መሃል ላይ ግን ተሰበረባት፤ ዝገት በጠጣ እጇ አፏን ያዘች። ያስቀባው እሱ፣ የቀባችው እሷ። ሁለቱም በገዛ እጃቸው፣ ያውም በአንድ ቀን! ስትቆጣው የኖረችው ሰው ነግሯት ነበር፤ እሷ ናት በሁለት እጥፍ አፉን የዘጋችው።

"ምን ብለህ ነበር?" አለችው። አንቱታው መቼ እንደወደቀ ሁለቱም አላስተዋሉም።

"ዘጠኝ መስመር ነበር። ሰባቱን ረስቼዋለሁ፤ ጨረቃም ሳልጠራ አልቀርም። ሁለቱ ግን አልለቀቁኝም። 'ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ፤ ሁለት ቲኬት ይዣለሁ።' የመጨረሻው ደግሞ…"

"የመጨረሻው?"

"'ካልመጣሽ መልስሽን እንደ ነገርሽኝ እቆጥረዋለሁ፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።'"

"ማን ጻፍ አለህ እሷን?"

"ኩራት።"

"የኔንም እጅ የያዘው እሱ ነው" አለች። "እሺ፤ ጠበቅከኝ?"

"ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ። በሦስተኛው ሄድኩ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሰው መጥቶ 'ተይዟል?' ሲለኝ 'ተይዟል' እላለሁ። መንገዱ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተይዟል ስል ሄድኩ።"

ከላይ ወንድምየው መዶሻውን አስቀምጦ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ወደ ውጭ ወጣ። ሁለቱ ጉድጓዱ ውስጥ ቀሩ፣ አንድ አምፖል ስር። መዳፏ ላይ ያለውን የዝገት ሊጥ አልጣለችውም። ጣቶቿን አጠፈችበት፤ እሱም ጣቶቿ ላይ እጁን አጠፈበት፤ ያ ሁሉ ዓመት በሁለት እጅ መሃል ይሞቅ ጀመር።

*

"ቅዳሜ…" ሲል አቋረጠችው።

"ዝም በል። እጄ ላይ ሥራ አለ። አሁን የምትለኝ ነገር እንባ የነካው ነው፤ እኔ እርጥብ ላይ አልቀባም። ቤትህ ሂድ፤ መኪናህ ቅዳሜ ጠዋት ትደርስሃለች።"

ሐሙስ ወንድሟ የበሰበሰውን አንድ ስንዝር ላሜራ ቆርጦ አዲስ በየደበት። እሷ በሽቦ ብሩሽ አጸዳች፣ አጠበች፣ በአየር አደረቀች፤ ደርቋል ካለች በኋላ እንደገና አደረቀች። ዝገት የነካካውን ቦታ ዝገት የሚያቆም አንቲረስት ቀባች። አርብ ሰሙን አሞቀችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ነፋችው። በየቀዳዳው ቀጭኑን ቱቦ እያስገባች ውስጡንም አለበሰችው። ሲያልቅ የመኪናዋ ሆድ እንደ ማር አብረቀረቀ፤ እያንዳንዱ ብየዳ፣ እያንዳንዱ አሮጌ ጠባሳ ከስሩ ይታያል። ጋራዡ በግ በግ ሸተተ።

በምሳ ሰዓት እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። "ይድረስ" ብላ ጻፈች። ሦስት መስመር ሄደች። ሦስተኛው ውታፍ ተከፍቶ እየጠበቃት ነበር። ወረቀቱን አየችው፣ ቀዳዳውን አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ቀደደችው።

"ምነው?" አለ ወንድሟ።

"ደብዳቤ በቃኝ። ይኼ ነገር በአፍ ነው።"

"ልትሄጂ ነው?"

"ሁለት ሳምንት። አሁን የሚሠራውን ድልድይ አየዋለሁ፤ ከስሩ ገብቼ አየዋለሁ። ለመጨረስ ስምንት ወር ይቀረዋል አለ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው የት እንደሚሆን በመንገድ ላይ እነግረዋለሁ።"

"ትነግሪዋለሽ? አትጠይቂውም?"

"መጠየቅ በሱ በኩል ነው። ያኔም ጠይቆኛል፤ መልስ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።"

"ጉድጓዱን ማን ይገባበታል እስከዚያ?"

"አንተ። ሆድህ ካለፈ።"

ወንድሟ ሊስቅ ጀመረና ተወው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያልጠፋውን መፍቻ ይፈልግ ጀመር። ውታፉን በቦታው መለሰች። ባዶ መሆኑን ግን በዚህ ጊዜ አስቀድማ ጣቷን አስገብታ አረጋገጠች፤ ቀለል አላት።

*

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀር የዳኛው ቤት ትልቁ በር ፊት መኪናዋን አቆመች። ጡሩንባውን ነፋች። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ መኪናዋን ያውቃታላ። ግቢው መሃል ድረስ ነዳቻት። ንጹሕ ቱታዋን ለብሳለች፤ ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሻንጣ አለች።

በረንዳው ላይ አሮጊቷ ተቀምጠው ነበር፤ የዳኛው ባለቤት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አፍንጫቸው ግን አልደከመም።

"ምንድነው የሚሸተው? በግ ገባ እንዴ?"

"መኪናዋ ናት እማማ። ቅባቷ ከበግ ፀጉር ነው።"

አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ማነሽ አንቺ?"

"ሬንጅ ነኝ።"

"እጅሽን አምጪ" አሉ አሮጊቷ። ደረጃውን ወጥታ ሰጠቻቸው። በደረቁ ጣቶቻቸው መዳፏን ዳበሱ፣ ጥፍሮቿ ጋ ደርሰው ቆሙ። "አሁንም ጥቁር ነው?"

"አሁንም ነው። በሳሙና አይለቅም ብለው ነበር፤ እውነትዎን ነው። በናፍጣም አለቀቀም። እኔም እንዲለቅ አልፈልግም።"

ሰምታቸው ነበር ለካ፤ አሮጊቷ ያን ያወቁት አሁን ነው። እጇን ግን አልለቀቁም። "ሄዶ ከቤቴ ቀረ" አሉ። "በዓመት አንድ ደብዳቤ። ሁለት መስመር።" እጇን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። "በየትኛው በር ነው የገባሽው?"

"በፊት ለፊቱ።"

"ደግ አደረግሽ። የኋላውን ዝገት ቆልፎት አልከፈት ካለ ቆየ።"

"ስመለስ መጥቼ አየዋለሁ፣ እማማ።"

በዚህ መሃል የቤቱ በር ተከፈተ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሻንጣውን በእጁ ይዟል። መኪናዋን አየ፣ እናቱን አየ፣ የእናቱ እጅ የያዘውን እጅ አየ። ሻንጣው ከእጁ አልወደቀም፤ እሱ ግን የቆመበትን የረሳ መሰለ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለችው።

ሰዓቱን ለማየት ሁለት ጊዜ ሞከረ። "አሥራ ሁለት።"

"ጠዋት ነው?"

"ጠዋት ነው።"

"እንግዲያው በሰዓቴ ነው የመጣሁት። ዓመቱን ብቻ ነው የሳትኩት።"

ደረጃውን ወረደች። ቁልፉን እጁ ላይ አኖረችለት። መኪናዋን ዞራ ከሾፌሩ ጎን ያለውን በር ከፈተች። ገና አልገባችም፤ እጇን በወንበሩ ጀርባ ላይ አሳርፋ ዓይኑን ፈለገችው። ዓይኑ እንደ ልማዱ ዘገየባት፤ በዚህ ጊዜ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

"ይኼ ወንበር ተይዟል?" አለች።

ቁልፉን ጨበጠ።

"ተይዟል" አለ።

"የያዝክላት ሰው መጣች" አለችውና ገብታ ተቀመጠች፤ በሩንም በገዛ እጇ ከውስጥ ዘጋችው።